የቸኮሌት ወተት ለ1 ዓመት ከ8 ወር ልጅ ይሆናል? ደህንነቱስ በምን ይጣራል?

የናቲ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልቤ አልረጋ ስላለኝ ነው በዚህ ሰዓት የምጽፈው። ልጄ 1 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። ነጭ ወተት ሳቀርብለት ፊቱን ያዞራል። የቸኮሌቱን ግን በስትሮ ስቦ ስቦ ባዶውን እሽግ ይመልስልኛል። እሽጉ 200 ሚሊ ሊትር ነው። መጀመሪያ በቀን አንድ ነበር። አሁን 4 ደርሰናል። ጠዋት እንደነቃ አንድ፣ በመሀል ሁለት፣ ማታ ደግሞ በጡጦ ገልብጬለት ይዞት ይተኛል።

ትናንት ከተኛ በኋላ እሽጉን አገላብጬ አነበብኩት። ከፊት «በካልሲየምና በቫይታሚን ዲ የዳበረ» ይላል። የሚስቅ ሕፃንም ተስሎበታል። ከኋላው ግን ማወፈሪያ፣ ማቅለሚያ፣ ከፊደል ጋር የተጻፉ ቁጥሮች አሉ። አንዱንም አላውቀውም። እንቅልፍ አጣሁ። ልጄን ኬሚካል እያጠጣሁት ነው? ደህና መሆኑ በምን ይታወቃል? ቤት ውስጥ መፈተሽ የሚቻልበት ዘዴስ አለ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የሁለት ልጆች አባት

እህቴ አይዞሽ። የእኔዎቹ ሁለቱም የእንጆሪ ወተት እየጠጡ ነው ያደጉት። አሁን 7 እና 10 ዓመታቸው ነው፣ ደህና ናቸው። የመጠቀሚያ ጊዜው ካላለፈና እሽጉ ካልተነፋ የሚያሰጋ ነገር አይታየኝም። ወተት ጨርሶ ከሚቀርበት ጣዕም ገብቶበትም ቢሆን ቢጠጣ ይሻላል።

ነርስ ሰላም

የናቲ እናት፣ የምሠራው የልጆች ክፍል ውስጥ ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት ጥቂት ልጠይቅሽ። ምግብ እንዴት ነው የሚበላው? ሰገራው አይደርቅበትም? ከንፈሩና የታችኛው የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ሲታይ ቀይ ነው ወይስ ገርጥቷል? ከበፊቱ ይልቅ ቶሎ ይደክመዋል? ቶሎ ይነጫነጫል?

የናቲ እናት

ነርስ ሰላም፣ ስለመለስሽልኝ አመሰግናለሁ። ምግብ እውነቱን ልንገርሽ፣ አይበላም። ሦስት አራት ማንኪያ ቀምሶ ይተወዋል፣ ከዚያ ወደ ፍሪጁ እየጠቆመ ያለቅሳል። ሰገራው አዎ ይደርቅበታል። መገርጣቱን በተመለከተ፣ እናቴ ባለፈው ሳምንት «ልጁ ገረጣብኝ» ስትለኝ ብርድ ይሆናል ብዬ ነበር። አሁን አንቺ ስትጠይቂኝ የዓይኑን ውስጥ አየሁት። ከእኔ ጋር ሳስተያየው ነጣ ያለ ነው። ፈራሁ።

ነርስ ሰላም

አትፍሪ፣ በጊዜ ነው የጠየቅሽው።

«ደህና ነው ወይ» የሚለው ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ። አንደኛው መጠጡ ተበላሽቷል ወይም መርዝ አለበት ወይ ነው። ሁለተኛው ለዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ብዛት ይሆናል ወይ ነው። አንቺን እንቅልፍ የነሳሽ የመጀመሪያው ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሁለተኛው ነው።

በቀን 4 እሽግ ማለት 800 ሚሊ ሊትር ነው። ከ1 እስከ 2 ዓመት ላለ ልጅ ነጭ ወተት እንኳ በቀን ከ2 እስከ 3 ኩባያ ነው የሚመከረው፣ ማለትም ከ480 እስከ 710 ሚሊ ሊትር ገደማ። ምግብ የማይበላ ልጅ ሲሆን እኛ ወደ ታችኛው ቁጥር እንዲጠጋ ነው የምንነግረው። የላም ወተት አይረን፣ ማለትም ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን፣ የለውም ማለት ይቻላል። ካልሲየሙና ፕሮቲኑ ደግሞ ከሌላ ምግብ የሚመጣው አይረን በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሆድ ይሞላል። ሆዱ የሞላ ልጅ እንቁላልም ሥጋም ምስርም አይበላም። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 7 ሚሊ ግራም አይረን ያስፈልገዋል። ያንን የሚያገኘው ከምግብ ነው።

በምሠራበት ክፍል ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው። ልጁ ወፈር ያለ ነው፣ ወተቱን ይጠጣል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። ደሙ ሲታይ ግን ወርዷል። ስለዚህ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዢለትና ሄሞግሎቢኑንና ፌሪቲኑን እንዲያዩለት ጠይቂ። ሄሞግሎቢን የደም ማነስ መኖሩን፣ ፌሪቲን ደግሞ ሰውነቱ ያጠራቀመውን አይረን የሚያሳየው ምርመራ ነው። እስከዚያ የአይረን ሽሮፕ በራስሽ ገዝተሽ እንዳትሰጪው፣ አደራ። መጠኑ ሲበዛ ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው።

ስለ ጣዕሙ ደግሞ፣ በ2019 በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ፣ የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች አካዳሚ፣ የሥነ ምግብ አካዳሚና የልብ ማኅበር አንድ ላይ ሆነው የልጆች መጠጥ ምክር አውጥተዋል። ጣዕም የተጨመረበት ወተት ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዲሰጥ አይመክሩም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ልጆች ስኳር የተጨመረበት መጠጥ መጠጣት የለባቸውም ይላል። ያንቺ ልጅ ገና 20 ወሩ ነው።

የሁለት ልጆች አባት

ነርስ ሰላም፣ የምትይውን አከብራለሁ። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ነጭ ወተትም ጀርባው ላይ ስኳር ይላል። እኔ ቤት ያለው ነጭ ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 4.8 ግራም ስኳር ተጽፎበታል። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ከወተት ማቀነባበሪያ

ይቺን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ። በወተት ማቀነባበሪያ የጥራት ክፍል 9 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሥራዬ ናት።

ወንድሜ፣ ያየኸው 4.8 ግራም ላክቶስ ነው። የወተት የራሱ ስኳር ነው፣ ማንም አልጨመረውም። ምክሮቹ የሚከለክሉት የተጨመረውን ነው። ችግሩ፣ ብዙ እሽግ ላይ ሁለቱ ተደምረው «ስኳር» በሚል አንድ ቁጥር ይጻፋሉ። «የተጨመረ ስኳር» የሚል ለብቻው መስመር ካለ እሱን አንብቡ፣ ሒሳብ አያስፈልግም። ከሌለ ግን እኔ የምጠቀምበትን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ፕሮቲኑን እዩ። ሰው ሁሉ ዓይኑ ስኳሩ ላይ ነው የሚያርፈው፣ እኔ ግን ከፕሮቲኑ ነው የምጀምረው። እውነተኛ ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 3.3 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። የያዛችሁት መጠጥ 3 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ካለው በአብዛኛው ወተት ነው። 1 ግራም ገደማ ከሆነ ግን ሁለት ሦስተኛው ውኃ ነው ማለት ነው። ስሙም ብዙ ጊዜ ይለያል። «ወተት» እና «የወተት መጠጥ» አንድ አይደሉም። የግብዓቶቹ ዝርዝር የሚጻፈው ከሚበዛው ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ከዚያ የዱቄት ወተት ወይም የአጓት ዱቄት ካለ ነገሩ ግልጽ ነው።

አሁን ሒሳቡ። በወተት ውስጥ ላክቶስ ከፕሮቲኑ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ፕሮቲኑን በ1.5 አባዙት፣ የወተቱን ስኳር ታገኛላችሁ። ያንን ከተጻፈው ስኳር ቀንሱት። የሚቀረው የተጨመረው ነው። አንዳንድ ሰው ዝም ብሎ ሁልጊዜ 5 ግራም ይቀንሳል። ወተቱ ያልቀጠነ ከሆነ ይሠራል። በቀጠነ መጠጥ ላይ ግን ያታልላል፣ ምክንያቱም ወተቱ ራሱ ስላነሰ ላክቶሱም አንሷል። የአጓት ዱቄት ከገባበት ሒሳቡ ትንሽ ይዛባል፣ ግምት መሆኑን አትርሱ።

የናቲ እናት፣ ያንቺን እሽግ ቁጥሮች ጻፊልንና አብረን እናስላው።

የናቲ እናት

ይኸው ከፊቴ ነው። ግብዓቶች፦ ውኃ፣ ስኳር፣ የዱቄት ወተት፣ ካካዎ፣ ማወፈሪያ ኢ 407 እና ኢ 412፣ ጣዕም፣ ማቅለሚያ፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ። በ100 ሚሊ ሊትር ፕሮቲን 1.1 ግራም፣ ስኳር 9.4 ግራም።

መጀመሪያ የተጻፈው ውኃ መሆኑን አሁን ነው ያየሁት።

ከወተት ማቀነባበሪያ

1.1 በ1.5 ሲባዛ 1.65 ነው። ከ9.4 ሲቀነስ 7.75 ይቀራል። እሽጉ 200 ሚሊ ሊትር ስለሆነ እጥፍ አድርጊው፣ 15.5 ግራም የተጨመረ ስኳር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። በአንድ እሽግ ወደ 4 ማንኪያ ገደማ፣ በ4 እሽግ 62 ግራም ወይም ከ15 ማንኪያ በላይ።

ሌላም አለ። 4 እሽግ ጠጥቶ የሚያገኘው ፕሮቲን 9 ግራም አይሞላም። ከ400 ሚሊ ሊትር ነጭ ወተት ግን 13 ግራም ያገኝ ነበር። እጥፍ ጠጥቶ ያገኘው ያነሰ ነው። «በካልሲየም የዳበረ» የሚለውም ካልሲየም ስለተጨመረበት ውሸት አይደለም፣ ግን ወተቱን ሲያቀጥኑት የሄደውን ፕሮቲን አይመልሰውም።

ነርስ ሰላም

62 ግራም ስኳር 248 ካሎሪ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ሁሉ 1000 ካሎሪ አካባቢ ነው። ከቀኑ ጉልበት ሩቡ ከስኳር ብቻ እየመጣ ነው። ምግብ ለምን እንደማይበላ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገንም። ፊት «ሆድ ይሞላል» ያልኩትን ወተቱ ቢቀጥንም አይቀይረውም። እንዲያውም ስኳሩ የምግብ ፍላጎቱን ይዘጋዋል።

የናቲ እናት

እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። የሚስቀውን ሕፃን አምኜ ነው የገዛሁት።

ነርስ ሰላም

የኔ እህት፣ ራስሽን አትውቀሺ። ያ ሥዕል የተሳለው እንድታምኚው ነው። ዋናው ነገር አገላብጠሽ አንብበሻል።

ከወተት ማቀነባበሪያ

የቀረውን ጥያቄሽን ልመልስ፣ ምክንያቱም «ኬሚካል» የሚለው ቃል ብዙ ወላጅ ያስጨንቃል።

ኢ 407 ካራጊናን ይባላል፣ ከባሕር አረም ይወጣል። ኢ 412 የጓር ሙጫ ነው። የሚገቡበት ምክንያት ካካዎው ወደ ታች እንዳይዘቅጥና የቀጠነው ወተት አፍ ውስጥ ወፍራም እንዲመስል ነው። በሚፈቀደው መጠን መርዝ አይደሉም። የእኔ አስተያየት ግን፣ ማወፈሪያ ሲበዛ ወተቱ ምን ያህል እንደቀጠነ ይነግራችኋል።

ማቅለሚያ ላይ ጠንቀቅ እላለሁ። በ2007 በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዳንድ ሰው ሠራሽ ቀለሞችን ከልጆች መቁነጥነጥ ጋር ያያያዘ ጥናት አወጡ። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ ስድስት ቀለሞች ያሉበት ምግብ «የልጆችን እንቅስቃሴና ትኩረት ሊጎዳ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አደረገ። እነሱም ኢ 102፣ ኢ 104፣ ኢ 110፣ ኢ 122፣ ኢ 124 እና ኢ 129 ናቸው። በስልካችሁ ጻፏቸው። በእንጆሪና በሙዝ ጣዕም መጠጦች ላይ መፈለግ ያለባችሁ እነሱን ነው።

«ስኳር ያልተጨመረበት» የሚል ካያችሁ ደግሞ ቶሎ አትደሰቱ። ጣፋጭነቱ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ። ኢ 950፣ ኢ 951፣ ኢ 955 ወይም ኢ 960 ካለ ሌላ አጣፋጭ ገብቷል። የአውሮፓ ኅብረት ለሕፃናትና ለትንንሽ ልጆች ተብሎ በሚሠራ ምግብ ውስጥ እነዚህን አጣፋጮች አይፈቅድም። ከስታርች የሚሠራ ማልቶዴክስትሪን የሚባል ዱቄትም አለ። በስኳር መስመር ላይ አይቆጠርም፣ ሆድ ውስጥ ሲገባ ግን ቶሎ ወደ ግሉኮስ ይለወጣል። የቴምር ሽሮፕ፣ ውኃው ወጥቶ የወፈረ የፍራፍሬ ጭማቂ፣ ማር፣ ሁሉም ስኳር ናቸው።

የቤት ውስጥ ምርመራ? እውነቱን ልንገርሽ፣ የለም። ኢንተርኔት ላይ የአዮዲን ጠብታ አድርጉ የሚል አለ። አዮዲን የሚያሳየው ስታርች መኖሩን ብቻ ነው። ስለ ማቅለሚያም ስለ ባክቴሪያም ምንም አይነግርም። ቤት የሚታየው እሽጉ ነው። የተነፋ፣ ማዕዘኑ የሚያዣ፣ ስፌቱ የተከፈተ፣ ሲቀዳ የተቋጠረ ወይም የጎመዘዘ ከሆነ ይደፋ። «አፍልቼው ላድነው» አይባልም።

ከፍሪጅ ውጭ የሚቀመጠው ወተት ዩኤችቲ ነው። ከ135 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለጥቂት ሰከንድ ሞቆ፣ ጀርም በሌለበት እሽግ ይታሸጋል። ሳይከፈት ለወራት መቆየቱ ማቆያ ኬሚካል ስለገባበት አይደለም። ከተከፈተ ግን እንደማንኛውም ወተት ነው። 4 ዲግሪና ከዚያ በታች ባለ ፍሪጅ ይግባ። ልጁ በስትሮ ስቦ የተረፈውን ግን አታቆዩት። ምራቁ ገብቶበታል፣ ባክቴሪያው እሽጉ ውስጥ ይራባል። ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ የቆየም እንዲሁ ይደፋ።

አያት ነኝ

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን መነጽሬን አድርጌ ሁሉንም አነበብኩት። ተባረኩ። እኔ የልጅ ልጄን ነው የማሳድገው። የእሽጉን ፈርቼ ራሴ ነው የማዘጋጅላት። የላም ወተት አፈላለሁ፣ ትንሽ ካካዎ እጨምርበታለሁ፣ በስኳር ፈንታ አንድ ማንኪያ ማር። 10 ወሯ ነው። ይሄስ እንዴት ነው?

ነርስ ሰላም

እማማ፣ እባክዎ ማሩን ዛሬውኑ ያቁሙ። ከ12 ወር በታች ላለ ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። በማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል በሽታ የሚያመጣ የባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት ያሸንፈዋል፣ የሕፃን ግን ገና ነው። መፍላቱም አያድንም፣ ያ ዘር የፈላ ውኃን ይቋቋማል።

ስላዘጋጁላት ብቻ ትታመማለች ማለት አይደለም፣ አብዛኞቹ ደህና ይሆናሉ። ግን በሚቀጥሉት ሳምንታት በደንብ ይዩልኝ። የሆድ ድርቀት ከያዛት፣ መጥባት ካቃታት፣ ለቅሶዋ ከደከመ፣ የዓይኗ ሽፋን ወደ ታች ከወረደ፣ አንገቷና እጅ እግሯ ከዛለ፣ አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷትና ማር እንደበላች ይንገሯቸው።

ስለ ወተቱም፣ ብዙ የሕፃናት ሐኪሞች የላም ወተትን እንደ ዋና መጠጥ ከ12 ወር በፊት አይመክሩም። እስከዚያ የእናት ጡት ወይም ለሕፃን የተዘጋጀ ፎርሙላ ነው። ካካዎው ደግሞ ጥቂት ካፌይን ስላለው ይቅርባት። ወተት የሚያፈሉት ትክክል ነው፣ ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ቲቢን ጨምሮ ብዙ በሽታ ያመጣል።

አያት ነኝ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ማሩን አነሳሁት። እናቷን ደወልኩላት፣ ነገ ሐኪም ጋ እንወስዳታለን። አሁን እየሳቀች ነው፣ ጡጦዋንም ጨርሳለች። ለሦስት ሳምንት ነው የሰጠኋት። ለጤናዋ ብዬ ነበር።

ነርስ ሰላም

አውቃለሁ እማማ። ነገ የሚሏችሁን ይጻፉልኝ፣ እጠብቃለሁ።

የጥርስ ሐኪም

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ማንም ስላላነሳው። የናቲ እናት «ጡጦውን ይዞት ይተኛል» ብላለች። ከስኳሩ ብዛት እኩል የሚጎዳው የሚቆይበት ጊዜ ነው። ጥርስ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል። ልጁ በጠጣ ቁጥር ያ አሲድ 20፣ 30 ደቂቃ ያህል ጥርሱን ያጠቃል። ቀኑን ሙሉ በስትሮ ጥቂት ጥቂት የሚስብ ልጅ ጥርሱ አያርፍም። ሌሊት ደግሞ ምራቅ ይቀንሳል፣ ያጥበው የነበረው የለም። መጀመሪያ የሚበላሹት የላይኛው የፊት ጥርሶች ናቸው። ከድዱ አጠገብ ነጭ መስመር ታያላችሁ፣ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል። ነጩ መስመር ላይ ከደረሳችሁ ገና ማዳን ይቻላል።

ከመኝታ በፊት የሩዝ ፍሬ የምታህል ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና። ከዚያ በኋላ ውኃ ብቻ።

የሁለት ልጆች አባት

ከትናንት ጀምሮ አልጻፍኩም። ቤት ያለውን የእንጆሪ እሽግ አውጥቼ ሒሳቡን ሠራሁት። ፕሮቲን 1.0፣ ስኳር 9.8። ኢ 122 አለበት።

ልጆቼ ደህና ናቸው ብዬ ነበር። እውነት ነው፣ ግን ሁሉን አልነገርኳችሁም። ትልቁ በ4 ዓመቱ ሦስት ጥርስ ተሞልቶለታል። እኛ ከከረሜላ ነው ብለን ነበር። የጥርስ ሐኪሙን ጽሑፍ ሳነብ የጡጦው ትዝ አለኝ። የናቲ እናት፣ ቶሎ ብዬ «ምንም የለውም» ስላልኩሽ ይቅርታ።

አንድ የሚጠቅምሽ ነገር ግን አለኝ። ትንሹን ያስተውነው በአንድ ቀን አይደለም። በኩባያ ቀድተን ሦስት እጅ የጣዕሙን፣ አንድ እጅ ነጩን ቀላቀልን። በየአራት ቀኑ ነጩን እየጨመርን ሄድን። በሦስተኛው ሳምንት ነጭ ብቻ ሆነ፣ እሱም አላወቀም። ዋናው ዘዴ እሽጉን አለማሳየት ነው። የሚያለቅሱት ለሥዕሉና ለስትሮው ጭምር ነው።

ነርስ ሰላም

በጣም ጥሩ ዘዴ ነው። የመጠኑን ነገር ግን ሳምንት አትጠብቂ፣ ከነገ ጀምሮ በቀን ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር አውርጂው። ከምግብ በፊት ሳይሆን ከምግብ በኋላ ስጪው። በመሀል ሲጠማው ውኃ። የሌሊቱን ጡጦ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀነስሽ ወደ ውኃ ለውጪው። ነጩ ወተት ሙሉ ስብ ያለው ይሁን፣ ከ2 ዓመት በታች ስቡ ያስፈልገዋል። የሁለት ልጆች አባት፣ ይህን ስላካፈልከን ደስ ብሎኛል።

የአለርጂ ልጅ እናት

እኔም ልናገር። ልጄ የላም ወተት ይስማማዋል፣ ለውዝ ግን አይችልም። አንድ የቸኮሌት መጠጥ ለወራት ስሰጠው ኖሬ አንድ ቀን ፊቱ አበጠ፣ ሰውነቱ ሽፍ አለ። እሽጉ መልኩ ያው ነው። ጀርባው ላይ ግን «ለውዝ ሊኖረው ይችላል» የሚል አዲስ ጽሑፍ ገብቶ ነበር። እኔ አንዴ ካነበብኩ በኋላ ደግሜ አላነበብኩም። አሁን በገዛሁ ቁጥር አነባለሁ። ብቅል ያለበት መጠጥ ግሉተን አለው፣ ብዙዎቹ ሶያም አለባቸው። ካበጠ፣ ካስታወከ ወይም መተንፈስ ካቃተው በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አዲስ አባል

ይቅርታ በመሀል ልግባ። የእኔ ልጅ 2 ዓመቷ ነው። ወተቱን ትተን የሩዝ ወይም የአልሞንድ መጠጥ ብንሰጣትስ? «ተፈጥሯዊ» ይላል።

ነርስ ሰላም

የሩዝ መጠጥ አይሁን። ሩዝ አርሴኒክ ከአፈርና ከውኃ ይስባል፣ እንግሊዝ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመከርም። የአልሞንድ መጠጥ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። የላም ወተት የማይስማማት ከሆነ ካልሲየም የተጨመረበት፣ ያልጣፈጠ የሶያ መጠጥ ይቀርባል። ግን መጀመሪያ ለምን እንዳልተስማማት ሐኪም ይይላት። ከተቅማጥ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ወተት አልስማማ ማለት የተለመደ ነው፣ ያ ያልፋል።

አያት ነኝ

ልጄ፣ ሐኪም አይቷታል። ምንም ምልክት የለባትም። እስከ ወሩ መጨረሻ ተከታተሏት ብሎናል። ወደ ፎርሙላዋ መልሰናታል።

የናቲ እናት

እንደምን ሰነበታችሁ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ሳልጽፍ የቀረሁት በሩጫ ነው።

ደሙ ታየ። ሄሞግሎቢኑ 9.6 ወጣ። ፌሪቲኑም ዝቅ ያለ ነው። ሐኪሟ የአይረን ጠብታ በኪሎው ልክ አዘዘችለት፣ ከወተት ጋር እንዳላገናኘው ነገረችኝ። ስለሚጠጣው ስትጠይቀኝ እዚህ የጻፍኩትን እንዳለ አሳየኋት። እስከ ታች አነበበችው።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ሁለት ሌሊት አልተኛንም። የሁለት ልጆች አባት እንዳልከው እሽጎቹን ከፍሪጅ አውጥቼ ላየኛው ቁምሳጥን ውስጥ አስገባኋቸው፣ በኩባያ እየቀላቀልኩ ሰጠሁት። አሁን አንድ እጅ ቸኮሌት፣ ሦስት እጅ ነጭ ላይ ነን። በቀን ሁለት ኩባያ ነው። ሌሊት ውኃ ብቻ። ጥርሱንም አሳየሁት። ሁለቱ የላይኛዎች ላይ ነጭ መስመር አለ፣ ፍሎራይድ ተቀባለት።

ትናንት አንድ ሙሉ እንቁላል በላ። እንደገና ጠየቀኝ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። ጠብታውን ከጀመረ ወዲህ ሰገራው ጠቆረ። ደነገጥኩ። ላቁመው?

ነርስ ሰላም

እንዳታቆሚው። አይረን የሚወስድ ልጅ ሰገራው ይጠቁራል ወይም ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይሄዳል፣ የሚጠበቅ ነው። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ወይም ቀይ ደም ካየሽበት ግን ያው ቀን ውሰጂው። ጠብታው ጥርሱን እንዳያጠቁርበት ወደ ጉንጩ ውስጠኛ ክፍል አድርገሽ ስጪው፣ ከዚያ ውኃ ይጠጣ። ጠርሙሱን እሱ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጪ። ደሙ ድጋሚ የሚታየው መቼ ነው?

የናቲ እናት

በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ነው። ውጤቱን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።